ፊልትሮ የተቀየረበት ቅዳሜ

"እሳቱን አርቂው አልኩሽ እኮ!" ሲል ጀቤሳ ከጭነት መኪናው ጎን ጮኸ።

"አራቅኩት።"

"አሁንም ይሸተኛል።"

"የሚሸትህ ቆሎው ነው" አለች ሚስቱ ንግሥት። አለች እንጂ ምድጃዋን መልሳ አንጠልጥላ ተነሳች። ማለዳ ከመኪናው ፊት አንስታ ወደ ውሃ ቧንቧው ወስዳው ነበር፤ ከቧንቧው ወደ አጥሩ ጥግ፤ አሁን ደግሞ ከአጥሩ ጥግ ወደ ጓሮ። "ትንሽ ቆይተህ ሱሉልታ ሄደሽ ቁዪ ሳትለኝ አትቀርም" እያለች በቤቱ ጀርባ ዞረች።

ጀቤሳ ጆንያ አንጥፎ ከጋቢናው ኋላ በጎኑ ተጋድሞ ነበር፤ ዓይኑ ፊልትሮው ላይ፣ ጆሮው በረንዳው ላይ።

በእሳት ነገር ጀቤሳን የሚያማው የለም። ከረዳትነት ጀምሮ ዕድሜውን የፈጀው በጭነት መኪና ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይያዝም እያሉ ሲጋራ በአፋቸው ይዘው ፊልትሮ የሚፈቱ ሾፌሮችን ያውቃል፤ አንዱን ቀብሯል። ስለዚህ እሱ ፊልትሮ ሲቀይር ወግ አለው። መኪናዋ የግቢው ሜዳ ላይ ትቆማለች፤ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማ ሥር የድንጋይ ታኮ ይገባል፤ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ እሳት የሚባል ነገር፣ ምድጃም ይሁን ክብሪት፣ ከአካባቢው ይጠፋል።

ይሄ ሁሉ ደግ ነው። የዛሬው ግን በዝቶ ነበር። ታኮውን ለጎማው ሁሉ በፊትም በኋላም አድርጎ ሲያበቃ፣ ድንጋዩን ደግሞ ለቤት መሠረት የሚሆን ይመስል እያገላበጠ መርጦታል። ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ የቆመ ሆኖ ሳለ መዳፉን ለጥፎበት "ገና ነው፤ አልቀዘቀዘም" ብሎ ቁጭ ብሎ ጠብቆታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጀቤሳ ፊልትሮ እየቀየረ አልነበረም፤ ቀኑን እየገፋ ነበር።

በረንዳው ላይ የልጁ የሃዊ ዕቃ ተደርድሯል። በገመድ የታሰረ ፍራሽ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ስቶቭ፣ የመጽሐፍ ካርቶን፣ ንግሥት ከሽሮ ሜዳ መርጣ የገዛችላት ጋቢ፣ በርበሬና ሽሮ የተሞሉ ጣሳዎች። ሃዊ ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የምግብ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ካገኘች ወራት አልፈዋል። ከጉለሌ ቃሊቲ ማለት ከከተማው ጫፍ እስከ ከተማው ጫፍ ማለት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የምትመለሰው ከመሸ ነው። በመጨረሻ እዚያው ፋብሪካው አጠገብ አንድ ክፍል ቤት አገኘች። አከራይዋ ግን ቁርጥ አድርገው ነግረዋታል፤ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ዕቃሽን ይዘሽ ካልገባሽ የምትጠብቅ ሌላ ሰው አለች።

ይህን ሲሰማ ነበር ጀቤሳ በቁርስ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "መኪናዋ ዳገት ላይ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ፊልትሮዋን ሳልቀይር ቃሊቲ ድረስ አልነዳትም" ያለው። መኪናዋ አንድም ቀን ትንፋሽ አላጠራትም። በዚያው ሳምንት እንኳ አሸዋ ጭና የእንጦጦን ዳገት ቀጥ ብላ ወጥታለች።

ጀቤሳ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁ በመሥራቷ ይኮራል፤ የላቦራቶሪ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ጋቢናው ውስጥ ለጥፎታል። ግን እሱ ባደገበት አገር፣ ከሱሉልታ ወዲያ፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዘመድ ዘፍኖ፣ አዋቂ መርቋት ነው። ሃዊ የምትወጣው በፍራሽና በስቶቭ ነው። ሰው ምን ይላል? ተጣልተው ነው ይላል። አስቸግራቸው ነው ይላል። ሌላም ይላል። ይህ አንደኛው ነገር ነው። ሁለተኛውን ለራሱ እንኳ ደፍሮ አልነገረም፤ ማታ የግቢውን በር ሲያንኳኳ "አባዬ፣ ምን አመጣህልኝ?" የሚል ድምፅ ሳይሰማ መግባት ያስፈራዋል። ልጅቷ ሥራ ይዛም፣ ደሞዝ በልታም፣ ነቅታ ባገኛት ማታ ይቺን ጥያቄ አልተወችም ነበር።

"አባዬ፣ ጓንት አድርግ።"

ቀና ሲል ሃዊ በላዩ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የላስቲክ ጓንት፣ በሌላው የእናቷን የልብስ ሳፋ ይዛለች።

"ናፍጣ ቆዳ ይጎዳል። ደግሞ መሬት ላይ እንዳይፈስ ይቺን ሥሩ አድርጋት።"

"ሳፋዬን!" የሚል ድምፅ ከጓሮ መጣ። "ሳፋዬን ናፍጣ ካስነካችሁ ሁለታችሁም ልብሳችሁን ቃሊቲ ወስዳችሁ ታጥባላችሁ!"

ሃዊ እየሳቀች ሳፋዋን ፊልትሮው ሥር ገፋችና አባቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። "ላግዝህ። ሁለት ስንሆን ቶሎ ያልቃል።"

ጀቤሳ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ቶሎ እንዳያልቅ ነበር። "ተይው ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ።

"እንቁላሉ ዶሮ ሆኖ አረጀ እኮ አባዬ። ማለዳ እንወጣለን ብለን አልነበር?"

"ችግሩ ፊልትሮው በጣም ጠብቋል። አልፈታ ብሏል። እንዲህ ከሆነ ምናልባት ጋራዥ ሳይወስዱት... ዛሬ ቅዳሜ ደግሞ..."

ሃዊ እጇን ሰድዳ ፊልትሮውን ጨበጠችና አዞረችው። እንደ ጠርሙስ ክዳን እሺ ብሎ ዞረ።

ሁለቱም አዩት።

"እኔ አላልቼልሽ ነው" አለ ጀቤሳ ቶሎ ብሎ።

"እሱማ ነው" አለች ሃዊ።

ናፍጣው ሳፋዋ ውስጥ ኮለል ብሎ ወረደ። ጀቤሳ አሮጌውን ፊልትሮ ነቅሎ፣ ልጁ ሳታየው በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎማው ኋላ ወሸቀው። የሚደብቅበት ምክንያት ነበረው። አዲሱን ከካርቶኑ አውጥቶ አፉ ላይ ያለችውን ክብ ላስቲክ፣ ሾፌሮች ጎሚኒ የሚሏትን፣ በጣቱ ናፍጣ ይቀባ ጀመር። ጎሚኒ በደረቁ ከገጠመች ትቀደዳለች፤ ከተቀደደች አየር ታስገባለች። ሲቀባ ሲቀባ የሃዊ ስልክ ጮኸ።

"አቤት እማማ... አዎ፣ እየመጣን ነው... አይ፣ መኪናው ትንሽ ብልሽት ገጥሞት ነው እንጂ..." ራመድ ብላ ሄዳ ቆመች፤ ድምፅዋ ግን ይሰማል። "እባክዎ ለሌላ አይስጡብኝ። አባቴ ራሱ ነው እየሠራው ያለው። አዎ፣ አባቴ ነው ይዞኝ የሚመጣው፤ ያዩታል... አይቀርም። አባቴ አደርስሻለሁ ካለ ያደርሰኛል።"

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ጀቤሳ ሰማት። እጁ በልማድ ሥራውን ቀጠለ፤ ፊልትሮውን አነሳ፣ ገጠመ፣ በእጁ አጠበቀ። ዓይኑ ግን የልጁን ጀርባ ነበር የሚያየው። ገንዘብ ተበድሮ ያስተማራት፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጋቢና ውስጥ ጉልበቱ ላይ ተኝታ ምራቋ ሱሪውን ያረጠበችው ልጅ ለማያውቃቸው ሴትዮ በእሱ ስም ትምላለች። እሱ ደግሞ እዚህ ተጋድሞ ይዋሻታል።

የባትሪውን ገመድ መልሶ አሰረ። ጋቢና ወጣና ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ተነሳ። አንድ ጊዜ ጉርር አለ፣ ሁለቴ አሳለው፣ ጠፋ። እንደገና አዞረ፤ አጓራ እንጂ አልተነሳም። ደግሞ አዞረ።

"በቃ አባዬ፣ ባትሪው ያልቃል" አለች ሃዊ ከታች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጀቤሳ ላይ የደረሰው ግን የፈራው አይደለም፤ የተመኘው ነው። መኪናዋ የምር ተበላሸች። ከእንግዲህ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፤ ወርዶ "እምቢ አለች" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ወረደም። አፉን ሲከፍት ግን ልጁ ቀደመችው።

"ይሁን። አትድከም። ስትለፋ ነው የዋልከው። ደውዬ አልተሳካም እላቸዋለሁ፤ ሌላ ቤት አላጣም።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለው ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በረንዳው ላይ ወጣች፤ የፍራሹን ገመድ ይዛ ብቻዋን ወደ ቤት ትጎትት ጀመር። ንግሥት የቆሎ መጥበሻዋን እንደያዘች ከጓሮ ብቅ አለችና ቆመች። አንድ ጊዜ ልጇን አየች፣ አንድ ጊዜ ባሏን አየች።  

ጀቤሳ ልጁ እንድትቀር ፈልጎ ነበር። እንዲህ አንገቷን ደፍታ፣ ፍራሽ እየጎተተች እንድትቀር ግን አልፈለገም። 

"ፍራሹን አስቀምጪው!" አለ።

"እንዴ?"

"አስቀምጪው አልኩሽ። መኪናዋ ትሠራለች።"

የባትሪውን ገመድ እንደገና ነቅሎ ጆንያው ላይ ተንበረከከ። አዲሱ ፊልትሮ አንገቱ ዙሪያ ናፍጣ አላበው፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ናፍጣ የሚያወጣ ቦታ አየር ያስገባል። ጀቤሳ በወጣትነቱ እንዲህ ያለውን ነገር በሳሙና ይደፍነው ነበር። እርጥብ ሳሙና በአውራ ጣት ጠቅጥቆ፣ ደሴ የደረሰበት ጊዜ አለ። አሁንም ቧንቧው ላይ ሳሙና አለ። ግን ጋቢናው ውስጥ ልጁን አስቀምጦ በሳሙና አይነዳም።

ፊልትሮውን መልሶ ፈታው። አዟዙሮ አየው። ከዚያ ፊልትሮው የሚገጥምበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰና ክው አለ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ ተለጥፋ እዚያው ቀርታለች። አዲሱን በላይዋ ነው የገጠመው፤ ጎሚኒ በጎሚኒ ላይ። ይህን የሠራ ረዳት ድሮ ቢሆን በጥፊ ነበር የሚባለው።

"ምን አገኘህ?" አለች ሃዊ መጥታ ተንበርክካ።

"አሮጌዋን ላስቲክ ሳላነሳት ገጥሜው ነው።" በጥፍሩ ልጦ አወጣትና አሳያት። "ይቺ ናት አየር ያስገባችው።"

"አንተ? አንተ እኮ ሁለቴ ሦስቴ ሳታይ ምንም አትገጥምም።"

"ጆሮዬ ስልክሽ ላይ ነበር።"

ሃዊ የፈሰሰውን ልትጠርግ ጨርቅ ፈለገች። ከጎማው ኋላ ጨርቅ አየች፣ ሳበችው፤ አሮጌው ፊልትሮ ከውስጡ ተንከባለለ። ጀቤሳ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰበትም። የላቦራቶሪ ሰው መቼም ያየውን ሳይመረምር አያልፍም፤ ቆሻሻው ምን እንደሚመስል ልታይ ውስጡ የቀረውን ናፍጣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ገለበጠችውና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ጥርት ያለ ነው። ዝቃጭ የለው፣ ውሃ የለው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ንጹህ ነው።"

ጀቤሳ ፊልትሮው ላይ የሚያየው ነገር እንዳለው ሁሉ አጎነበሰ።

"ምን ሆኖ ነው የቀየርከው?"

"ምን ይሆናል?" አለች ንግሥት ከኋላቸው። "የገባው ለፋሲካ ሰሞን ነው። በናፍጣ የጨቀየ ቱታውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ነው ከማለዳ ጀምሮ ዝም ያልኩት።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አለ ጀቤሳ።

"ምድጃዬን ይዤ ስዞር የዋልኩት ላውቅ አይደል? መቼ ይደክመዋል እያልኩ ነው።"

ሃዊ ፕላስቲኩን መሬት ላይ አስቀመጠች። "እንዳልሄድ ነው?"

የሚሸሽበት ቦታ አልነበረም። "እንዳትሄጂ ነው" አለ ጀቤሳ። ካለው በኋላ የባሰ ነገር የሚመጣ መስሎት ጠበቀ። ልጁ ግን ጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን አቀፈች።

"እኔ ደግሞ የምር መኪናው ተበላሽቶ መስሎኝ... አሳዝነኸኝ ነበር እኮ። ያንን ሁሉ ድንጋይ ስትሸከም።"

"ሽማግሌ ሳይመጣ፣ ማንም ሳይመርቅሽ፣ እንዲሁ ዕቃ ጭነሽ... ሰው ምን ይላል ሃዊ? ከኛ ዘር ሳታገባ ከቤት የወጣች የለችም።"

"አንተ ከሱሉልታ ስትመጣ አግብተህ ነበር?"

"እኔማ..." ወንድ ነኝ ሊል ነበር፤ አፉ ላይ ደርሶ ሲሰማው ለራሱም ቀለለበትና ተወው። "እኔማ ድንች የጫነች አህያ እየነዳሁ ነው የመጣሁት።"

"እኔ ፍራሽ አለኝ። ካንተ እሻላለሁ።"

ንግሥት ሳቋን ልትይዝ ፊቷን አዞረች። ጀቤሳ ግን አልሳቀም።

"ቤቱ ጭር ይልብኛል" አለ።

 ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ረዳት "ፒያሳ፣ ፒያሳ" እያለ አለፈ። ግንቦት ስለሆነ ፀሐዩ ከወዲሁ የቆርቆሮውን ጣሪያ ማንኳኳት ጀምሯል።

"አሁንስ ቤት ውስጥ አለሁ አባዬ? ስወጣ ተኝተሃል። ስገባ ራቴን ሳልበላ ወንበር ላይ እተኛለሁ፤ እማዬ ናት ጫማዬን የምታወልቅልኝ። አብሬህ ምሳ ከበላሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?" አባቷ ያላጠለቀውን ጓንት በእጇ እያሸች ቀጠለች። "እዚያ ስሆን ደህና እተኛለሁ። እሁድ ስመጣ ነቅቼ ነው የምታገኘኝ።"

ጀቤሳ አላሰበበትም ነበር። እሱ ያሰበው ስለምትሄደው ልጅ እንጂ ወንበር ላይ ስለምትተኛው አልነበረም። "ኢንተላ ኮ" አለ በእናቱ ቋንቋ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሆዱ ሲባባ ብቻ ነው እንዲህ የሚላት። ከዚያ ተነሳና ሱሪውን አራገፈ። "በይ፣ ስድስት ሰዓት ደርሶ ነው የምታወሪኝ? ያቺን ቱቦ አቀብይኝ።"

"ለምንድን ነው ቱቦው?"

"ሰልባትዮው ውስጥ ካለው ናፍጣ በአፌ ስቤ አዲሱን ፊልትሮ ልሙላው። ባዶውን ከገጠምኩት ሲነሳ አየር ይይዛል።"

"በአፍህ?" ሃዊ ቱቦውን ነጥቃ ከኋላዋ ደበቀችው። "ሳንባህ ውስጥ ቢገባስ? ናፍጣ ሳንባ ከገባ ሰው ይሞታል።"

"ስንት ዓመት ስስብ..."

"እኔ እያለሁ አይሆንም።"

"ተይው፣ ለሱ ብርቁ አይደለም" አለች ንግሥት። "በሠርጋችን ማግስት እንኳ ባገሳ ቁጥር ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። እናቴ 'ልጄ፣ ይሄ ሰው የሚጠጣው ምንድን ነው?' ብላ አልቅሳለች።"

ጀቤሳ ከማለዳው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። "እሺ፣ በእጅ ፖምፑ እናደርገዋለን። ይደክምሻል ግን።"

"ይድከመኛ።"

በዚህ ጊዜ ጀቤሳ አልቀለደም። መግጠሚያውን በንጹህ ጨርቅ ጠረገ፣ በጣቱ ዞሮ ዞሮ ዳሰሰ፣ ሃዊም በስልኳ መብራት እያሳየች ምንም እንዳልቀረ አየችለት። የአዲሱን ፊልትሮ ጎሚኒ ቀብቶ ገጠመው፤ በእጁ አጠበቀ፣ በቁልፍ ግን አላስጨነቀውም። ከዚያ ከላይ ያለችውን ትንሿን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልቶ ሃዊን የእጅ ፖምፑ ላይ አስቀመጣት።

"ጫኚ። ልቀቂ። ጫኚ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እስኪ እናያለን።"

ሃዊ ጫነች፣ ለቀቀች። መጀመሪያ ከብሎኗ ሥር አረፋ ብቻ ነበር የሚወጣው፤ ፍስስ እያለ ይፈላል። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጠፈ። አንዴ ልትተው አለች፤ አባቷ ሲያያት እንደገና ጫነች። አረፋው እየቀጠነ፣ እየሳሳ ሄደና ድንገት ናፍጣው ያለ አረፋ ጥርት ብሎ ወጣ።

"በቃ!" ብሎ ጀቤሳ ብሎኗን አጠበቀ።

የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረጉ። የሳፋውን ናፍጣ ንግሥት ወደ ፍሳሽ ቦዩ ልትደፋው ስትል ሃዊ ጮኸችባትና ጄሪካን ውስጥ ገለበጡት፤ ናፍጣ የነካውንም ጨርቅ ጀቤሳ ከምድጃው የራቀ ቦታ አኖረው። የባትሪው ገመድ ታሰረ። ጀቤሳ ጋቢና ወጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ንግሥት በስመ አብ አለች፤ ሃዊ ደግሞ ዓይኗን ጨፈነች። ሞተሩ ተንገራገጨ፣ አሳለው፣ ከዚያ ያዘ። ጀቤሳ ወርዶ ደረቅ ሶፍት ፊልትሮው ዙሪያ አስኬደ፤ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

"እስክንደርስ ድረስ ሞተሩ መጥፋት የለበትም" አለ ለሁለቱም። "የቀረች አየር ካለች ስንሄድ ትወጣለች። ቆሞ ከጠፋ ግን መልሶ ላይነሳ ይችላል፤ ባትሪውም ደክሟል።"

ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው። ሃዊ ለአከራይዋ ደወለች፤ ሴትየዋ "አባትሽ አብሮሽ ነው? በይ ከመጣ ትንሽ እጠብቃለሁ" አሏት። ፍራሹ ወጣ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ካርቶኑ ወጣ። ንግሥት ትኩሱን ቆሎ በፌስታል ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳትጠየቅ ጋቢና ገባች። ታኮው ሁሉ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ጊዜ ፈጀ፤ ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ያስቀምጥ አለው። ሃዊ መሃል ተቀመጠችና ሦስቱም ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ከግቢው ወጡ።

ማለዳ ቢወጡ ኖሮ ማንም አያያቸውም ነበር፤ ጀቤሳ መጀመሪያ ያሰበውም ይህንኑ ነበር። አሁን ግን እኩለ ቀን ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ነው። ሴቶቹ ከገበያ እየተመለሱ ነው፣ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ይጠልዛሉ። የኮብልስቶኑ መንገድ አስፋልቱን ከሚያገኝበት ጥግ፣ ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ ጋሽ መሸሻ ተቀምጠዋል። ጋሽ መሸሻ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። በሰፈሩ ሠርግ ሲደገስ መራቂው፣ ሰው ሲሞት ድንኳን አስተካዩ እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩም ወሬ አጣሪ ቢባሉ አያጣላም። ሁለት ሦስት አዛውንቶች አብረዋቸው አሉ።

መኪናዋ ጥጉን ለመዞር ቀስ ስትል ጋሽ መሸሻ ከዘራቸውን አነሱ።

"ጀቤሳ! የማን ዕቃ ነው የጫንከው?"

 ንግሥት ቆሎዋን ማፈስ አቆመች። ሃዊ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አባቷ ብቻ እንዲሰማው ዝቅ ብላ፣ "የደንበኛ ነው በላቸውና እንሂድ አባዬ" አለች።

ቀላል ነበር። ጥሩምባ ነፍቶ፣ እጅ አውለብልቦ ማለፍ የሾፌር ወግ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ሞተሩ ያጓራል፣ ጋሽ መሸሻም ጆሯቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ከሞተሩ በላይ ጮሆ የተናገረውን ግማሹን እንኳ አይሰሙትም ነበር። ጀቤሳ ልጁን አያት። የማንንም ያልሰረቀች ልጅ እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታለች። ያስደፋት ደግሞ እሱ ነው።

መኪናዋን ጥጉ ላይ አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋው።

"አባዬ!" አለች ሃዊ። "ባይነሳስ?"

"ካልተነሳ ይገፉናል" አለና በሩን ከፍቶ ወረደ። መንገዱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ኳስ የሚጠልዙት ልጆች ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል። ጀቤሳ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጋሽ መሸሻ፣ ዕቃው የልጄ የሃዊ ነው" አለ፤ ድምፁ ከአፉ ሲወጣ ካሰበው በላይ ጮኸ። "ሥራዋ ቃሊቲ ስለሆነ እዚያው ቤት ተከራይታለች። አልተጣላንም፤ አላስቀየመችንም። እኔና እናቷ ነን ይዘናት የምንሄደው። ሳትመረቅ ከሰፈሯ እንዳትወጣ ብዬ ነው የቆምኩት። እስኪ ይምጡና ይመርቁልኝ።"

ጋሽ መሸሻ መጀመሪያ ጀቤሳን አዩት፣ ቀጥለው ጋቢናውን አዩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ፤ አብረዋቸው የነበሩትም ተነሱ። ሃዊ በእናቷ ላይ ተንጠራርታ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አወረደችው።